ራዲያተሩ እስኪፈነዳ አትጠብቁ

አሮጌ ኤስዩቪ ለምትነዱ ሁሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ነገ ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱ። የራዲያተሩን የላይኛውን ፕላስቲክ በእጅ ባትሪ እያበራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩት። ጥቁር ነው? ወይስ ወደ ቡናማ እየሄደ ነው? ዳር ዳሩ ላይ የደረቀ ነጭ ወይም ሮዝ ነገር አለ? ሁለት ደቂቃ ቢፈጅባችሁ ነው። ለመኪናችሁ ግን ዓመታት ሊጨምርላት ይችላል፤ ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም።

"ካልተበላሸ አትንካው" የሚባለው ነገር በብዙ ቦታ ትክክል ነው። ደህና የሚሠራን ዕቃ ፈትቶ መግጠም ሌላ ጣጣ ይዞ ይመጣል። አሮጌ መኪና ደግሞ መነካካት አይወድም። እኔም በአብዛኛው የምሄደው በዚሁ ነው። ራዲያተር ላይ ግን አይሠራም። ጨርሶ አይሠራም። የመስኮት ማንሻ ቢበላሽ ማንሻውን ትቀይራላችሁ፣ አለቀ። ራዲያተር ግን ብቻውን አይሄድም። አንዳንዴ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክዳን)፣ አንዳንዴ ሙሉ ሞተሩን፣ አንዳንዴም ማንም ያላሰበውን ካምቢዮውን ይዞ ነው የሚሄደው።

የእኔ መኪና ከ300 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳለች። እወዳታለሁ። ሞተሯ ዛሬም ቁልፍ ሲዞር ወዲያው ይነሳል፣ ዘይት አይበላም፣ ድምፁ የረጋ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር በአግባቡ ከተያዘ ገና ብዙ ይሄዳል። የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው። ደህና ሞተር፣ ደህና ሻንሲ ያላቸው ስንትና ስንት ትልልቅ መኪኖች አንድ የፕላስቲክ ታንክ ተሰንጥቆ ቆመው ቀርተዋል። ባለቤቶቻቸው ደግሞ ሰነፎች አልነበሩም። ዘይት በጊዜው ይቀይራሉ፣ ጎማ ያያሉ፣ ፍሬን ያስፈትሻሉ። ራዲያተሩን ግን የመኪናዋ አካል ነው ብለው ነው የሚያስቡት፣ ልክ እንደ በሩና እንደ ጣራው። እኔ ደግሞ የምለው ራዲያተር እንደ ፍሬን ሸራ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ልዩነቱ ቀስ ብሎ ማለቁና ሲያልቅ አለመጮሁ ብቻ ነው።

ለምን እንደሚያልቅ ለመረዳት ምን ተሸክሞ እንደሚኖር ማየት ያስፈልጋል። ነዳጅ ሲቃጠል ከሚወጣው ጉልበት ወደ ሥራ የሚቀየረው ሲሶ ገደማ ነው። ሌላው ሲሶ ገደማ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ከቀረው አብዛኛው በኩላንቱ፣ ማለትም ሞተሩን በሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ፣ በኩል አድርጎ ራዲያተሩ ላይ ይመጣል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ሰውና ዕቃ ጭኖ ረጅም ዳገት ሲወጣ ይህ ሙቀት ቀላል አይደለም።

ድሮ ራዲያተር ከመዳብና ከናስ ይሠራ ነበር። ይከብዳል፣ ይወደዳል፣ ሲያፈስ ግን ይበየዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ ወዲህ አምራቾች ወደ ሌላ አሠራር ዞሩ። መሀሉ አሉሚኒየም ሆነ፣ ላይና ታቹ ወይም ግራና ቀኙ የፕላስቲክ ታንክ ሆነ። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሙቀትም በደንብ ያወጣል። ስለዚህ ዛሬ በየመንገዱ የምናየው አሮጌ ኤስዩቪ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚነዳው በፕላስቲክ ታንክ ነው።

ፕላስቲኩ ተራ ፕላስቲክ አይደለም። ናይለን 66 ይባላል፣ ውስጡ የመስታወት ክር ተቀላቅሎበታል። ብዙ ጊዜ ክሩ የክብደቱን 30 በመቶ ያህል ይይዛል። ጠንካራ ነገር ነው። ከአሉሚኒየሙ ጋር ያገናኘው ግን ብየዳ ወይም ሙጫ አይደለም። የአሉሚኒየሙ ጫፍ ላይ ያሉ ትናንሽ ጥርሶች ተጣጥፈው ታንኩን ጨምድደው ይይዙታል፣ መሀላቸው ላይ አንድ የጎማ ማሸጊያ አለ። በቃ። ይህ ሁሉ ሙቀትና ግፊት የሚቆመው በእነዚህ ጥርሶችና በአንድ ቀለበት ጎማ ነው።

ግፊቱን ደግሞ አስሉት። የራዲያተር ክዳን ላይ ብዙውን ጊዜ ከ0.9 እስከ 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። ይህ ባር የሚባለው የግፊት መለኪያ ነው። በቀላሉ ስናስበው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይገፋል ማለት ነው። የላይኛው ታንክ ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 300 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። መኪናዋ በጋለች ቁጥር ይህ ኃይል ይመጣል፣ በቀዘቀዘች ቁጥር ይሄዳል። ለ15 ዓመት በየቀኑ።

ይህ ብቻ ቢሆን ናይለኑ ይችለው ነበር። ችግሩ ዕድሜና ሙቀት አብረው ውስጥ ውስጡን መብላታቸው ነው። የጋለ ውሃና ኩላንቱ ውስጥ ያለው ግላይኮል ቀስ እያሉ ወደ ናይለኑ ይገባሉ፣ ጥንካሬ የሚሰጡትን ረጃጅም ሰንሰለቶች ይቆራርጣሉ። ከውጭ በኩል ደግሞ የሞተሩ ሙቀት ከአየር ጋር ሆኖ ያደርቀዋል። ውሎ አድሮ ፀሐይ ላይ የኖረ ጀሪካን ሲጫኑት ከመለመጥ ይልቅ እንደሚሰነጠቀው ይሆናል። አሉሚኒየሙና ፕላስቲኩ ሲግሉ እኩል አይለጠጡም፣ ሲቀዘቅዙም እኩል አይኮማተሩም። ጎማው ይደነድናል። ከዚያ የሚቀረው ጥያቄ መቼ ነው እንጂ ይሰነጠቃል ወይስ አይሰነጠቅም አይደለም።

ትልልቅ መኪኖች ላይ ሌላ ነገርም ይጨመራል። ኤስዩቪ ጉድጓድ ይገባል፣ ዳገት ይወጣል፣ ከኋላው ይጎትታል። በሻንሲ ላይ የተሠራ መኪና መጥፎ መንገድ ላይ ይጠማዘዛል፣ ይህ ተፈጥሮው ነው። ራዲያተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ካረጁና ከደረቁ ያ መጠማዘዝ በቀጥታ ታንኩ ላይ ያርፋል። የሞተር መቀመጫው ከተበላ ደግሞ ሞተሩ ሲወዛወዝ የላይኛውን ቱቦ ይጎትታል፣ ቱቦው የታንኩን አንገት ይጎትታል። ብዙ ስንጥቅ ከአንገቱ ሥር የሚጀምረው በከንቱ አይደለም።

አሁን ስንጥቁ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ውሃ መሬት ላይ ሲንጠባጠብ ለማየት ነው የሚጠብቀው። የእኔ መኪና ሥር ጠብታ የሚባል ነገር አልነበረም። መሬቱ ደረቅ ነው። ትርፍ ውሃ መያዣው ውስጥ ያለው ኩላንት ከምልክቱ ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ እሱም በጥንቃቄ ላየ ሰው ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪ ሳበራ የላይኛው ታንክ ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብላ ከቆመች አንዲት የፕላስቲክ ክንፍ ሥር፣ ፀጉር የምታክል መስመር አየሁ። ዙሪያዋ ላይ ሮዝ ዱቄት ደርቋል። ዱቄቱን በጥፍሬ ስፍቀው ተፈረፈረ። መስመሯ ግን ለጥፍር እንኳ አትያዝም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ትዘጋለች፣ ሲግልና ግፊት ሲመጣ ትከፈታለች። የምትወጣዋ ጤዛ የጋለው ታንክ ላይ እንዳለች ትደርቅና ቀለሟን ብቻ ትታ ትሄዳለች። መሬት ላይ ምንም የማይታየው ለዚህ ነው።

ያን ራዲያተር ካስወጣሁት በኋላ ያችን ክንፍ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን አልኳት። ቀጭ ብላ ተሰበረች። ብዙም አልገፋሁም። የተሰበረውን ሳየው ውስጡ ግራጫ ሆኗል፣ የመስታወቱ ክር በጣት ሲነካ ይቆረቁራል። ይህ ነገር ነው እስከ ትናንት ድረስ ያን ሁሉ ግፊት ይዞ ቤተሰቤን ዳገት ሲያወጣ የነበረው። ዛሬም ሳስበው ያስደነግጠኛል።

ይህ የላይኛው ታንክ ስንጥቅ የ4.7 ሊትር ቪ8 ሞተር የተገጠመላቸው የቶዮታና የሌክሰስ መኪኖች ባለቤቶች በደንብ የሚያውቁት ነገር ነው፤ ላንድ ክሩዘር 100፣ ፎርራነር፣ ጂኤክስ 470። እነዚህ ሞተሮች በጥንካሬያቸው ስም ያላቸው ናቸው። ለዚህ ነው ምሳሌ ያደረግኳቸው። ሞተሩ የፈለገውን ያህል ጠንካራ ቢሆን የፕላስቲኩን ዕድሜ አያራዝምለትም።

"ሙቀት ማሳያው አለ አይደል እንዴ?" የሚል ሰው አይጠፋም። አለ። ግን አትመኑት። በብዙ መኪኖች ላይ ያ ቀስት ሆን ተብሎ እንዲረጋ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ በላይም ይሁን ወደ 100 የተጠጋ፣ ቀስቱ መሀል ላይ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ሾፌር በየዳገቱ እንዳይጨነቅ ተብሎ ነው። መንቀሳቀስ ሲጀምር ነገሩ አልፏል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ታንኩ በአንድ ጊዜ ተሰንጥቆ ኩላንቱ ሲፈስ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ውሃ ውስጥ መሆኑ ይቀራል። በአየርና በእንፋሎት ይከበባል። ያን ጊዜ ሞተሩ እየነደደ ቀስቱ ደህና ነኝ ሊል ይችላል፣ ጭራሽ ወደ ታች ሲወርድም የሚታይበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ ሰዓት ከቀስቱ ይልቅ የሂተሩን አየር አምናለሁ። ሂተር ከፍታችሁ ሞቃት ይመጣ የነበረው አየር ድንገት ከቀዘቀዘ፣ የሚዞር ውሃ የለም ማለት ነው። ወዲያው ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። ደህና ቦታ እስክንደርስ አትበሉ። የአሉሚኒየም ቴስታታ በጥቂት ደቂቃ ይጣመማል። ከዚያ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ይሄዳል፣ ቴስታታው ወርዶ ይላጋል፣ ዕድል ከሌለ ደግሞ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ አንድ ርካሽ የኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ) ገዝታችሁ ስልካችሁ ላይ አገናኙ። ቁጥሩን ራሱን ያሳያችኋል። ደህና መኪና ቴርሞስታቱ (ኩላንቱን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) ከሚከፈትበት፣ ማለትም ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ገደማ፣ ብዙም ሳይርቅ ነው የሚሄደው። ዳገት ላይ ትንሽ ይጨምራል፣ ሜዳ ሲገኝ ይመለሳል። የመኪናችሁን ቁጥር ለምዳችሁት አንድ ቀን በለመዳችሁት መንገድ ላይ 8 ወይም 10 ዲግሪ ጨምሮ ካያችሁ፣ ቀስቱ ገና ምንም ሳያውቅ እናንተ አውቃችኋል።

እስካሁን ያወራሁት ወደ ውጭ ስለሚያፈስ ራዲያተር ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ወደ ውስጥ የሚያፈሰው ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው ብዙ ኤስዩቪዎች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ታንክ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አልፎ ነው። ዘይቱ በውስጥ፣ ኩላንቱ በውጭ። የሚለያቸው ስስ ብረት ነው። ያ ብረት ወይም መጋጠሚያው ሲበላ ሁለቱ ይገናኛሉ። ሞተሩ እየሠራ ዘይቱ ወደ ኩላንቱ ይገባል፣ ሲጠፋ ደግሞ ግፊት የቀረው ኩላንቱ ስለሆነ እሱ ወደ ዘይቱ ይሄዳል።

የካምቢዮው የፍሪሲዮን ሸራዎች በሙጫ የተያያዙ ናቸው። ውሃና ግላይኮል ሲያገኛቸው ያብጣሉ፣ ይላቀቃሉ። መጀመሪያ የሚሰማችሁ ማርሽ ሲቀየር ትንሽ መንቀጥቀጥ ነው። ቀጥሎ መንሸራተት። ከዚያ በኋላ ዘይት መቀየር ብዙም አያድንም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 እና በ2010 መካከል የተመረቱት ኒሳን ፓዝፋይንደር፣ ኤክስቴራና ፍሮንቲየር በዚህ ችግር በደንብ ይታወቃሉ። አሜሪካ ውስጥ የጋራ ክስ ቀርቦ ኩባንያው የራዲያተሩን ዋስትና አራዝሟል። ግን ነገሩ የአንድ ፋብሪካ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ማቀዝቀዣው ታንክ ውስጥ የተቀበረበት አሮጌ ራዲያተር ሁሉ ይህ ዕድል አለው።

ምልክቱ ትርፍ ውሃ መያዣው ውስጥ ነው። ክዳኑን ስትከፍቱ ኩላንቱ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ደፍርሶ፣ ወፍሮ፣ ሮዝማ ቅባት መስሎ ካገኛችሁት መኪናዋን አታስነሷት። ጎትታችሁ ውሰዷት። አንዳንድ ሰዎች ይህን ፍርሃት ከሥሩ ለመንቀል የካምቢዮውን ዘይት ከራዲያተሩ ለይተው ለብቻው የቆመ ማቀዝቀዣ ያስገጥማሉ። በጣም ቀዝቃዛ አካባቢ ዘይቱ ቶሎ እንዳይሞቅ ያደርጋል፣ ይህ ጉዳቱ ነው። ሙቀት ባለበት አካባቢና ከኋላው በሚጎትት መኪና ላይ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ማቀዝቀዣው በበቂ መጠን ከተመረጠ።

አንዳንዴ ደግሞ ራዲያተሩ ጥፋተኛ ሳይሆን ተጎጂ ነው። ይህን የማነሳው አዲስ ራዲያተር ገዝተው ያም ሲሰነጠቅባቸው ዕቃውን የሚራገሙ ሰዎች ስላሉ ነው። የቴስታታው ጋስኬት ትንሽ ከተቀደደ የቃጠሎው ግፊት ወደ ውሃው ይገባል። ያን የሚችል የፕላስቲክ ታንክ የለም። ሞተሩ ከቅዝቃዜ ተነስቶ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ ድርቅ ብሎ ከተወጠረ፣ ወይም ውሃው ላይ አረፋ ሳያቋርጥ ከተንቦለቦለ፣ መጀመሪያ እሱን አስመርምሩ። መካኒኮች የሚጠቀሙበት አንድ ሰማያዊ ፈሳሽ አለ። ራዲያተሩ አፍ ላይ ይደረግና የተቃጠለ ጋዝ ካገኘ ቀለሙ ወደ ቢጫ ይቀየራል። ቀላል ምርመራ ነው፣ ጠይቁ።

ክዳኑም ተራ ነገር አይደለም። ሁለት ሥራ አለው። ግፊት ሲበዛ ወደ ትርፍ መያዣው ያስወጣል፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ መልሶ ያስገባል። የማስገቢያዋ ክፍል ከተጣበቀች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የላይኛው ቱቦ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ታገኙታላችሁ። ግፊቱን መያዝ ካቃተው ደግሞ ውሃው ቶሎ ይፈላል። ንጹሕ ውሃ በ1 ባር ተጨማሪ ግፊት 120 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። ግፊቱ ከሌለ በባሕር ጠለል 100 ላይ፣ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ 90 ገደማ ላይ ይፈላል። ቴርሞስታቱ የሚከፈትበትን ቁጥር አስታውሱ፤ ከፍታ ቦታ ላይ በላላ ክዳን መንዳት ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ፋን ክላቹንም (ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን) አትርሱ። ቆማችሁ ወይም በዝግታ ስትሄዱ ሙቀት እየጨመረ፣ ፈጠን ስትሉ የሚወርድ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፋኑ ነው። የተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ማለትም በፍጥነትና በዳገት ላይ ብቻ የሚግል ከሆነ፣ ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል።

መደፈን ስል ውሃ ነገር ትዝ አለኝ። እባካችሁ የቧንቧ ውሃ ብቻ እየሞሉ መንዳት ይቅር። መንገድ ላይ ሲቸግር ግድ ነው፣ የተገኘው ይሞላል። ከዚያ በኋላ ግን መታጠብና በትክክለኛው መተካት አለበት። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለው፣ ማዕድኑ ሲግል ቀጫጭኖቹ የአሉሚኒየም መተላለፊያዎች ላይ ይጋገራል። ኩላንት ደግሞ እንዳይረጋ ብቻ የሚጨመር ነገር አይደለም። አሉሚኒየሙንና የውሃ ፓምፑን ከመበላት የሚጠብቅ ኬሚካል አለበት። ኬሚካሉ ያልቃል። ለምሳሌ ሮዙ የቶዮታ ረጅም ዕድሜ ኩላንት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀየረው በ160 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም በ10 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ በየ80 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ወይም በየ5 ዓመቱ ነው። ቀለም አይታችሁ ግን አትግዙ። አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ የሚባለው ሁሉም አምራች የተስማማበት ሕግ የለውም። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ለየትኛው ዓይነት መኪና እንደሆነ ይነበባል።

ስንጥቁን ማጣበቅስ? የለም። ናይለን ላይ ሙጫ በደንብ አይያዝም፣ ያውም ለዓመታት ኩላንት የጠጣ ናይለን። አንድ ሳምንት ይዞ ያታልላችኋል። ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ማሸጊያ ፈሳሽ ደግሞ ስንጥቁን ከመድፈን አልፎ የሂተሩን ትንሿን ራዲያተርም ሊደፍን ይችላል። እሷን ለማውጣት በብዙ መኪኖች ላይ ዳሽቦርዱ በሙሉ ይፈታል። መካከለኛ መንገድ አለ። አሉሚኒየሙ ደህና ከሆነ የፕላስቲክ ታንኩ ብቻ ከነአዲስ ጎማው ይቀየራል፣ ጥርሶቹ ተከፍተው ይታጠፋሉ። ሙያው ያለው ሰው ከሠራው ይሠራል። ለአሮጌ መኪና ግን እኔ አልመርጠውም፤ አንድ ጊዜ የታጠፈ ጥርስ ሁለተኛ ሲታጠፍ ይደክማል።

መቀየር ካለበት መቼ? የእኔ ደንብ 10 ዓመት ወይም 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፣ የቀደመው። ቀለሙ ከጥቁር ወደ ቡናማ ከተለወጠ ደግሞ ቁጥር አልጠብቅም። ስቀይርም ክዳኑን፣ ቴርሞስታቱን፣ የላይና የታች ቱቦዎቹንና የመቀመጫ ጎማዎቹን አብሬ እቀይራለሁ። ያው ውሃው ወርዷል፣ መንገዱ ተከፍቷል። የውሃ ፓምፑ ጥርጣሬ ካለበት እሱንም። ከርካሽ ሙሉ አሉሚኒየም ይልቅ ደህና አምራች የሠራውን ባለ ፕላስቲክ ታንክ እመርጣለሁ፤ ብየዳው መጥፎ የሆነ አሉሚኒየም መጥፎ መንገድ ላይ ከፕላስቲኩ ቀድሞ ሲሰነጠቅ ይታያል። የቱቦ ማጥበቂያዎችም ላይ አስተያየት አለኝ። ፋብሪካው የገጠማቸው የስፕሪንግ ማጥበቂያዎች ይሻላሉ። ሲግልና ሲቀዘቅዝ አብረው ይሰፋሉ፣ ይጠባሉ። ባለ ብሎኑን አጥብቃለሁ ሲል የፕላስቲክ አንገት የሚሰብር ሰው ብዙ ነው።

ሳትቀይሩ መንገድ ላይ ከያዛችሁ፣ ቀስቱ ሲነሳ ኤሲውን አጥፉ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ዳር ያዙ። ሂተሩ እንደ ተጨማሪ ራዲያተር ይሠራል፣ ጥቂት ሙቀት ያወጣል። ክዳኑን ግን በጋለበት አትክፈቱ። ግፊቱ ሲለቀቅ ውስጥ ያለው ውሃ በአንድ ጊዜ ይፈላና ፊትና እጅ ላይ ነው የሚመጣው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ከተቻለ ከዚያ በላይ ጠብቁ። የላይኛውን ቱቦ በጨርቅ ያዙት፣ ከለሰለሰ ግፊቱ ወርዷል። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ማፍሰስም ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ቀስ ብሎ ነው።

አዲሱ ከተገጠመ በኋላ አየሩ በደንብ መውጣት አለበት። የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ሂተሩ ሞቃት ላይ ይደረግ፣ ሞተሩ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ይሥራ፣ አረፋው እስኪያልቅ ይሞላ። የወረደውን ኩላንት በዕቃ ተቀበሉ። ጣፋጭ ነው፣ ውሻም ሕፃንም ሊቀምሰው ይችላል፣ መርዝ ነው። መሬት ላይ ፈስሶ መቅረት የለበትም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትርፍ መያዣው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል፣ የቀረ አየር እየወጣ ነው። ጠዋት ጠዋት በቅዝቃዜው እያያችሁ እስከ ምልክቱ ሙሉት። ከሳምንት በኋላም መውረዱን ካላቆመና የትም እርጥበት ካላገኛችሁ፣ አዲሱን ራዲያተር ከመፍታታችሁ በፊት ከተሳፋሪው እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ በእጃችሁ ዳብሱ፣ የሂተሯ ራዲያተር አፍስሳ ሊሆን ይችላል። እሱም ደረቅ ከሆነ ያን ሰማያዊ ፈሳሽ ይዛችሁ ወደ ቴስታታው ጋስኬት ሂዱ።